ባዶ ፍላሽ

ፎቶ ቤቴ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ሳባዛ እውላለሁ። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ከመጣ በዲጂታል አንስቼ በሁለት ደቂቃ አትሜ እሰጠዋለሁ። ወገቤን ያመኛል፣ የደብረ ብርሃን ብርድም ከዓመት ዓመት እየባሰብኝ ነው። ድሮ ፊልም የማጥብበት ጨለማ ክፍል የወረቀት ካርቶን ማከማቻ ሆኗል።

የፊልም ካሜራዬን ግን አልሸጥኩትም። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ወጣት መምህር አልፎ አልፎ ይመጣና ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ፊልም ያካፍለኛል። እሱና ጓደኞቹ በፊልም ፍቅር ተይዘዋል። ትዕግስት ያስተምራል፣ መጠበቁ ደስ ይላል፣ ስህተቱ ራሱ ውበት አለው ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። እኛ የምንጠብቀው ወደን ሳይሆን ሌላ አማራጭ ስላልነበረን ነው፤ በስህተታችንም ተሰድበን እንደሆነ እንጂ ተደንቀን አናውቅም። ያም ሆኖ አዲስ ጥቅል እጄ ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ይህን ለእሱ አልነግረውም።

አንዱን ጥቅል፣ ሠላሳ ስድስቱን ፎቶ፣ ዓመት አደርሰዋለሁ። ስልኬ ውስጥ ስንት ሺህ ፎቶ እንዳለ አላውቅም፤ አንዱንም ተመልሼ አይቼው አላውቅም። በፊልም ያነሳሁትን ግን ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ በሐሳቤ ሳየው እከርማለሁ። እዚህ የሚያጥብ ሰው ስለጠፋ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሾፌር እየሰጠሁ ነው የማሳጥበው።

እንግዲህ የማልኮራበትን ልናገር። ድሮ ሠርግ ላይ ፊልም ያልቃል፣ ሰው ግን አያልቅም። ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ተነስተው ሲያበቁ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት ተሰልፎ «እኛንስ?» ይላል። «ፊልሜ አልቋል» ማለት ጠብ መጫር ነበር፤ ባለሠርጉ ይቆጣል፣ ዘመድ ያኮርፋል። ስለዚህ ባዶውን ካሜራ ወደ ዓይናችን አስጠግተን፣ «ቀና በሉ፣ እንዳትነቃነቁ» ብለን ፍላሹን እናበራለን። ባዶ ፍላሽ እንለው ነበር። ሰዉ ተደስቶ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ «ተቃጥሏል» እንለዋለን። ፊልም እንደሚቃጠል ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም አይከራከርም። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አሁን ይህን ስጽፍም ምክንያት እየፈለግኩ መሆኔ ይታወቀኛል።

ያኔ ባንኮኒው ላይ የምትቀመጠው ባለቤቴ ነበረች። «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ከአፌ እንደወጣ የምታውቀው እሷ ናት። ካሜራ ባነሳሁባት ቁጥር ፊቷን በእጇ ሸፍና «ፊልም አለው?» ትለኛለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ነገር ግን አንድም ቀን ተነስታልኝ አታውቅም። የአገሩን ሠርግ ሁሉ ሳነሳ ኖሬ ሚስቴ ያለችበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱም የሠርጋችን ሲሆን ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ጥር ለወንድሟ ተዝካር አንኮበር ሄድን። ጉልበቷን ስለሚያማት ከመኪና ወርደን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ወደ ዳሱ ሲሄድ እሷ ካብ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ቆላውን ታይ ነበር። ጉሙ ከእግራችን በታች ነበር። ዞር ብላ «አንሳኝ» አለችኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

«ደግሜ እዚህ አልመጣም። ጉልበቴ አይችልም። አንሳኝ» አለች።

ፊልም አለው ወይ ብላ አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ አነሳኋት። ልድገም ስል ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ከጥቅሉ አሥራ ዘጠነኛው ፎቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አላነሳሁም፤ ካሜራውን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ወር ሳይሞላ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ከእነዋሪ መምጣቷን ነገረችኝ። እናቷ ሞተው ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ነው፤ አንድም ፎቶ የላቸውም። ልጅ እያለች በአክስቷ ሠርግ ላይ ከእናቷ ጋር አቁሜ አንስቻቸው እንደነበር፣ በኋላም ፎቶውን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥተው ተቃጥሏል እንዳልኳቸው ታስታውሳለች። ሠርጉን አላስታወስኩትም፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

«የተቃጠለውም ቢሆን ከእርስዎ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ዛሬ ኮምፒውተሩ የተቃጠለ ፎቶ ያስተካክላል ይላሉ።»

ልፈልግ ብዬ ወደ ጨለማው ክፍል ገባሁ። የምፈልገው ነገር አልነበረም። የዚያ ሠርግ ኔጋቲቭ ቢገኝ እንኳ የሙሽሮቹ እንጂ የእነሱ አይኖርበትም። ካርቶኖቹ መሀል ቆሜ ወጥቼ የምላትን አሰብኩ። «ጠፍቷል» ብላት አምናኝ፣ አመስግናኝ ትሄድ ነበር። እሱም ደከመኝ። ወጣሁና ነገርኳት።

«አልተቃጠለም፣ እህቴ። መጀመሪያውኑ ፊልም አልነበረውም። ባዶውን ነው ያበራሁላችሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እናቴ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ ብላ ክንዴን ይዛኝ ነበር» አለችኝ። «እሷም እንባዋ እስኪመጣ አፍጥጣ ጠበቀች።»

ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በመጨረሻ፣ እንግዲያው እኔኑ ያንሱኝ፣ ሰው ሁሉ ቁርጥ እናትሽን ነሽ ይለኛል አለች። ዲጂታሉን ሳነሳ ራሷን ነቀነቀችና ወደ መደርደሪያው አመለከተች፤ ያን ጊዜ ይዘውት የነበረው እሱን ነው አለች። ልክ ነበረች።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ካለበት ግድግዳ ሥር አቆምኳት። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፊልም አለው?»

እንደ ባለቤቴ እየሳቀች አልነበረም። አዎ አልኳት፤ አላመነችኝም። ፊልሙን ወደ ፊት ሳጠነጥን ከላይ ያለችው መዘውር ስትዞር አሳየኋት፤ ፊልም ባይኖር አትዞርም ብዬ አስረዳኋት። ስለ መዘውር ምን ታውቃለች? ይህን የሚላት ደግሞ ባዶውን ያበራባት ሰውዬ ነው።

የካሜራ ጀርባ ፀሐይ ላይ ቢከፈት ምን እንደሚሆን ይህን ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ነው የተማርኩት። የተጠቀለለው ፊልም ወደ ውስጥ ያለው ሊተርፍ ይችላል፤ ከላይ ያለው፣ መጨረሻ የተነሳው፣ ይቃጠላል። መጨረሻ የተነሳችው ማን እንደሆነች አልረሳሁም። አውቄ ከፈትኩት።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየች። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። «እሺ» አለች። ዘጋሁት፤ የተበላሸውን ለማሳለፍ ሦስት ጊዜ አጠነጠንኩና አነሳኋት። ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ነበር፤ አንድም ጊዜ ዓይኗን አላርገበገበችም።

ፊልሙ ታጥቦ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። የሴትየዋ ጥሩ ወጥቶ ነበር፤ አሳድጌ በሚኒባስ ላኩላት። ለሙት ዓመቱ መድረሱን ደውላ ነገረችኝ።

ባለቤቴ ፊልሙ ታጥቦ የመጣበትን ፖስታ ስታይ «የአንኮበሩስ?» አለችኝ።

የምላትን ስንት ቀን ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ተቃጥሏል» የሚለው ነው።

አልሳቀችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ሰዎች ባንኮኒው ላይ ይሄ ቃል ሲነገራቸው ፊታቸው ላይ ይታይ የነበረው ነው፤ ለካ ያኔ አላየውም ነበር። የእነዋሪዋን ሴት ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስጨርስ ኔጋቲቩን አምጣ አለችኝ። ወደ መስኮቱ ተጠግታ በብርሃኑ ላይ ዘረጋችው።

«እኔ የቷ ነኝ?»

በጣቴ አሳየኋት። ጥቁር ነው፤ ጉሙም ካቡም እሷም የሉበትም። ጉልበቷ እያመማት ቆማ ብዙ አየችው።

«ይሄኛው ግን ፊልም ነበረው» አለች።

መቀስ አምጣልኝ አለችኝ። ያችን ጥቁር ቁራጭ ቆርጬ ሰጠኋት፤ የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ከመስተዋቱ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ አስገባቻት።