ባለጢሙን አሞራ ፎቶ ያነሳሁበት ቀን

እናንተ ካሜራ ከያዛችሁ ገና ወራችሁ ነው፤ ስለዚህ ገደሉ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ወሩ ጥር ነበር፤ እህሉ ታጭዶ ያለቀበት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን የሚያነጣበት ጊዜ። ያኔም እንዳሁኑ ከመካነ ሰላም ወግዲ በአይሱዙ ጭነት አመላልሳለሁ። ካሜራዬ ከመቀመጫው ኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አብራኝ ትጓዛለች። መንገድ ላይ ወፍም ይሁን ቢራቢሮ ካየሁ አቆማለሁ፤ የጫንኩት ሰው ቢያጉረመርምም ሳላነሳ አልሄድም።

በዚያ ሰሞን ከወግዲ ወዲህ ባለ አንድ መንደር ግልገል እየጠፋ ገበሬው ተማሮ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ጥፋቱን ያላከኩት በባለጢሙ ትልቅ አሞራ ላይ ነው፤ ያ አጥንት ከላይ ለቆ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው። በመጪው እሁድ መርዝ የተቀባ ሥጋ ገደሉ አፋፍ ላይ ሊጥሉለት ተማከሩ። ሐሳቡን ያነሱት አራት ግልገል የጠፋባቸው አቶ ሙላት ናቸው። ሄጄ «ይሄ አሞራ የሚበላው አጥንት ነው፣ ግልገል አይነካም» ብላቸው፣ «ወሬማ ሁሉም ያወራል። ሲበላ ካየኸው አሳየን» አሉኝ።

ቅዳሜ በማለዳ ጋሽ እንድሪስ ቤት ደረስኩ። ጋሽ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገደል ማር ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዱካውን ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የተሰባበረ አጥንት አሳዩኝ፣ ቀጥሎ ገደሉ ላይ እንደ ኖራ የፈሰሰውን ኩስ። ጎጆው ከኩሱ በላይ፣ ዋሻ ውስጥ ነው። ከአፋፉ ሆኖ አይታይም። ለማየት አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ብቻ ሊቀመጥ ወደሚችልባት ጠርዝ መውረድ ግድ ነው።

የጭነት ገመዴን ወይራ ላይ አሰርን፣ ሌላውን ጫፍ ወገቤ ላይ። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጋቢያቸውን አውልቀው ጭንቅላቴ ላይ ጠመጠሙልኝ።

«እዚህ ንብ አለ» አሉኝ። «ጥቁር ነገር ያናድደዋል። ቢመጣብህ እንዳትወራጭ።»

ጋሽ እንድሪስ ገመዱን በእጃቸው ይዘው እየለቀቁልኝ ወረድኩ። የአሞራው ጫጩት ዋሻው ውስጥ ተኝቷል። ፀሐይዋ አናቴ ላይ እስክትወጣ ጠበቅሁ፤ እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ ከዓባይ በኩል አሞራው መጣ፣ አፉ ላይ ረጅም አጥንት ይዟል። እኔም ለማነጣጠር ጎንበስ ስል ገመዱ ድንጋይ ፈነቀለ፣ ድንጋዩም አጠገቤ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

ንቡ ከስንጥቁ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ የሰፈረው ጥቁሩ ሌንስ ላይ ነው፤ ቀጥሎ እጄን፣ ጆሮዬን፣ የዓይኔን ቆብ ነደፈኝ። እንዳትወራጭ የተባልኩትን ረሳሁ። በእጄ ስመታ እግሬ ከጠርዙ አመለጠና ተንጠለጠልኩ። ከእግሬ በታች ያለው አየር ብቻ ነበር።

«አብሽር» የሚል ድምፅ ከላይ ሰማሁ። «ይዤሃለሁ። ልሳብህ?»

አዎ ልል ነበር። አሞራው ግን አልሄደም፤ እየዞረ ነው። አሁን ብሳብ ፈርቶ ይሸሻል፣ ነገ ደግሞ መርዙ ይወጣል። «ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው። በጉልበቴ ጠርዙን ፈልጌ ወጣሁ፣ የጋቢውን ጫፍ ሌንሱ ላይ ጠቀለልኩና ድንጋይ ሆንኩ። እየነደፈኝ አልተወራጨሁም።

አሞራው ሁለቴ ዞሮ ዋሻው አፍ ላይ አረፈ። ጫጩቱ አንገቱን ቀና አደረገ። አጥንቱ በጫጩቱ ጉሮሮ ሲወርድ፣ ግማሹ ገና ከአፉ ውጭ ሳለ፣ ጣቴን ከካሜራዋ ማንሻ ቁልፍ አላነሳሁም።

ላይ ስደርስ የጋሽ እንድሪስን ፊት አየሁ። ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጥተው ባዶ ራሳቸውን ስለነበሩ ንቡ እሳቸው ጋም ወጥቷል። ከንፈራቸው አብጦ ንግግራቸው ተኮላተፈ። ገመዱን ግን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበሩ፤ አንዱን እንኳ ፊታቸውን ለማዳን አላነሱም። «አገኘኸው?» አሉኝ።

እሁድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ዋርካው ሥር ቆምን፣ እኔ በአንድ ዓይኔ እያየሁ። ካሜራዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ፎቶው ላይ አሞራው፣ ጫጩቱና አጥንቱ ፏ ብለው ይታያሉ፤ ዙሪያውን ንቦቹ እንደ ብናኝ ተበትነዋል። አቶ ሙላት ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አጥንቱን በጣታቸው ተከተሉ።

«አጥንት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሥጋውን በገዛ እጃቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። በሳምንቱ የበጎቹ በረት ሥር ቀበሮ የማሰው ቀዳዳ ተገኘ። ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈኑት፤ ከዚያ ወዲህ ግልገል አልጠፋም።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ወፍ፣ ብዙ ንብ አንስቻለሁ። ሰው ፎቶዎቼን አይቶ «ጎበዝ» ሲለኝ የሚታየኝ ግን ያ ያበጠ ፊት ነው። ስለዚህ እናንተም ሌንስ ከመምረጣችሁ በፊት አብሯችሁ የሚወጣውን ሰው ምረጡ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ገደል ወርጄ አላውቅም።

ግንቦት ላይ መካነ ሰላም ገበያ ጭነት ሳስጭን ስልኬ ጠራ። አቶ ሙላት ናቸው። ከገደሉ አፋፍ ነው የሚደውሉት፤ ነፋሱ ድምፃቸውን ይቆራርጠዋል።

«ጫጩቱ» አሉኝ፣ «በረረ። አሁን በላዬ አለፈ።»