በጾም የረከሰ እንቁላል

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። መምህር የነበረው ታላቅ ወንድሜ በዚያ ዓመት ሞተ። ሰው ሁሉ ወባ ነው አለ። እኔ ግን የሸጡለት ኪኒን ጊዜው ያለፈበት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ማስረጃ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር።

ወንድሜ ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሴት ልጅ ትቶ ነበር። ከሳች። ነርሷ በቀን አንድ እንቁላል ስጧት አለች። መግዛቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ደገኞቹ እንቁላል ስለማይበሉ ዋጋው ወርዷል። ለእኛ ለፕሮቴስታንቶቹ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ወንድሜም በዚህ ወቅት ይገዛ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ገዢ ከሌለ፣ በዚያ ሙቀት፣ ስንት ቀን ተቀምጦ ይሆን?

ገበያው አጠገብ ያሉት ባለሱቅ ከጎሬ የመጡ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ውሃ በጣሳ ይስጡኝ። እንቁላሉን ልሞክረው።»

ሳቁ። «ልትገዛው ነው ወይስ ልታጠምቀው?»

አሥሩን አንድ በአንድ ነከርኩ። የቆየ እንቁላል ይንሳፈፋል። እነዚህ ግን ሁሉም ታች ወርደው ተጋደሙ። ይህም አላሳመነኝም።

«ደህና ከሆነ ለምን ረከሰ?»

«ረከሰ ብሎ የሚከሰኝ ዛሬ ገና አየሁ! እኔ አልበላው፣ ጎረቤቴ አይበላው፤ ለማን ላስቀምጠው? ይልቅ የነከርከውን ቶሎ ብሉት።»

ቶሎ ብሉት ማለታቸው ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ሆነብኝ። ቢሆንም ገዛሁ። እርጥቡን በፌስታል ቋጥሬ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ ደህና ነበሩ። በስድስተኛው ቀን አንዱን ስሰብር ሽታው ቤቱን ሞላው። ልጅቷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። የቀሩትም እንደዚያው ሆኑ። ፌስታሉን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«እትዬ፣ አታለሉኝ።»

ፌስታሉን በእጃቸው ዳሰሱት። ውስጡ አሁንም ያላበ ነበር።

«አላደረቅከውም? እርጥብ እንቁላል ታፍኖ በዚህ ሙቀት ይቆያል? ወንድምህ እኮ ውሃ አስነክቶት አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ከኢታንግ ሲገባልኝ ይመጣና ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ አራት ብቻ ይወስድ ነበር። ሲያልቅበት ይመለሳል።»

ቢሆንም አላመንኳቸውም። ማክሰኞ በጠዋት ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ቅርጫቱ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ገለባና ጭቃ የያዙ ሁለት እንቁላሎች መርጬ፣ በዚያው በጾሙ ዋጋ ገዛሁ።

«ሁለት ብቻ?» አሉ እትዬ።

«ለጊዜው።»

አንዱን ቀቅዬ ሰጠኋት። ጨርሳ ጣቶቿን ላሰች። እኔ ግን እስኪመሽ ድረስ ሆዷን እየዳበስኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ።