ከምስክርነቱ በኋላ

የነገረ መለኮት ዲግሪዬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ለአገልግሎት ልምምድ የተመደብኩት ሰባተኛ አካባቢ ባለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። መመረቄ የተንጠለጠለው የቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢ በሚሰጡኝ ግምገማ ላይ ነው። ስለዚህ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲያስነጥሳቸው ቀድሜ "ይማርዎት" እላለሁ።

አንድ እሁድ ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ መጋረጃ የሚሸጡ እናት ለምስክርነት ቆሙ። ዓመታት ካሠቃያቸው የስኳር ሕመም በጸሎት እንደተፈወሱ ተናገሩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፤ እኔም አጨበጨብኩ። መጋቢው ማይኩን ተቀብለው "ከእንግዲህ መርፌ የለም!" ሲሉ ግን ጭብጨባዬን ተውኩት። በዚያው ሳምንት ኮሌጅ ውስጥ የምክር አገልግሎት መምህራችን "ጸልዩ፤ ማንንም ግን ከሐኪሙ አታጣሉ" ብለውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዐይኔ ከመስካሪዋ እናት ላይ አልነቀል አለ። በየእሁዱ ቀሚሳቸው እየሰፋ ሄደ። ስብከቱ ሳያልቅ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይጨርሱና ሌላ ይከፍታሉ። ምእመኑ ግን "ሸንቀጥ ብለዋል፤ ልጅ ሆነዋል" ይላቸዋል። ፈራሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ስወጣ በገበያው ተሸካሚዎች መሀል እየተጋፋሁ ሱቃቸው ሄድኩ። የጨርቅ ጥቅል ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ መርፌዎን አቁመዋል እንዴ?"

ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ መስክሬአለሁ። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶኛል። አሁን መርፌ ስወጋ ቢያዩኝ የጌታን ስም ማሰደቤ አይደል?"

"ስሙ የሚሰደበው እርስዎ ሲሞቱ ነው" አልኳቸው። ስናደድ አፌ ቃል አይመርጥም።

"ትምህርት እምነትህን በላው" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ስወጣ ለሱቅ ጎረቤታቸው፣ ለስልጤው ነጋዴ፣ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት።

መጋቢው ዘንድም ሄድኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና "አንተ እዚህ የመጣኸው ልትማር ነው ወይስ ልታርመን?" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ነጋዴው ነው። "ቶሎ ና፤ እትዬ ወድቀዋል፤ ሆስፒታል እየወሰድናቸው ነው።"

ሆስፒታል ስደርስ ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጥቶ፣ ፈሳሽ በደም ሥራቸው ተሰክቶላቸው ራሳቸውን አያውቁም። ሲነቁ መጀመሪያ የተናገሩት "ለማንም እንዳትናገር። ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል በል" የሚል ነበር። እንደማልናገር ቃል ገባሁላቸው። ውሸቱን ግን ከአፌ ማውጣት እንደማልችል እዚያው አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ጸሎት የምመራው እኔ ነበርኩ። ማይኩን ያዝኩ። ስም አልጠራሁም። "ተፈወስኩ ብላችሁ መስክራችሁ መድኃኒት ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጌታ አያፍርባችሁም" አልኩ። አሜን ያለ የለም። መጋቢው መጥተው ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። ምርቃቴንም አብረው የወሰዱት መሰለኝ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማንንም ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ወደ በሩ ሄድኩ። አንድ አዛውንት እጄን ጨበጡና አልለቅ አሉ።

"የግፊት ክኒኔን ካቆምኩ ቆየሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። "እኔም መስክሬ ነበር።"

ከኋላቸው የመዘምራኑ መሪ ቆማለች። ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌሎች፣ እርስ በርስ ላለመተያየት መሬት መሬት እያዩ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ።