በሐጂ ሠርግ ከማዶው ዳስ የበላሁት

እኔ ግትር ሰው ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። መተማ ዮሐንስ የወረድሁት ልብስ ልሰፋ ቢሆንም በልቤ የያዝሁት ሌላ ነበር፤ ወንጌልን ላልሰማ ሰው መንገር። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ጨርቅ በሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ደግ ሽማግሌ ናቸው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ እሳቸው ሳይሰሙኝ ከዚህ አገር አልወጣም ብዬ ቆረጥሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ሰሊጥ ገበያ ይመልሱታል። ተስፋ አልቆረጥሁም። ልጃቸውን ሲድሩ ሠርግ ጠሩኝና፣ እንግዲህ በአፌ እምቢ ካሉ በሥራዬ አሳያቸዋለሁ አልሁ።

እንደ አገሩ ደንብ ሐጂ ሁለት ዳስ አስጥለዋል። ለክርስቲያን እንግዶች የቀረበውን በሬ ያረደው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው፤ ያበሰሉትም ክርስቲያን ሴቶች ናቸው፤ ድስቱና ቢላው ሳይቀር የመጣው ከክርስቲያኖቹ ዕድር ነው። ሐጂ ይህን ሁሉ ራሳቸው ቆመው አሠርተዋል። እኔንም እጄን ይዘው ከክርስቲያኖቹ ዳስ ከፊት አስቀመጡኝ።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ማንም ቢያርደው ሥጋ ሥጋ ነው ባይ ነኝ። ሐጂን ምን ያህል እንደምወዳቸው ለማሳየት ከተቀመጥሁበት ተነስቼ ወደ ሙስሊሞቹ ዳስ ተሻገርሁና ከትሪያቸው በላሁ። ደግሞ ጥሩ አድርጌ ነው የበላሁት። ደስ ብሏቸው ይሆናል ብዬ ቀና ስል የሐጂ ፊት ጠቁሯል።

ዞር ብዬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። በክርስቲያኖቹ ዳስ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። የሐጂ ቤተኛ የሆነው እሱ ከዚያ ከበላ የኛው ሥጋ የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን ይላሉ። ሥጋው ተቀላቅሏል የሚል ወሬ ዳሱን ዞረ። አንዱ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ሌላው ተከተለው። ከግማሽ የሚበልጠው እንግዳ የቀረበለትን ትቶ ሄደ።

በማግስቱ ላስረዳ ብሞክር ሐጂ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ከኛ ስለበላህ አልተቀየምሁህም» አሉ። «እንግዶቼ አምነው እንዲበሉ ግን ስንት ለፋሁ። አንተ በልጄ ሠርግ አታላይ አስባልኸኝ።»

አፈርሁ። እስከ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ፍቅር ያልሁት ነገር ራሴን ማሳየት ነበር፤ የሰውየውን ልፋት ከነጭራሹ አላየሁትም።

የሐጂን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። በሬውን ያረደውን ጎረቤት ለምኜ፣ ዳሱን ጥለው የወጡትን በየቤታቸው፣ ሠራተኞቹንም በየእርሻው ካምፕ ዞርናቸው። በዚያ ሙቀት ከሳምንት በላይ ፈጀብን። እሱ በሬውን በእጁ እንዳረደ ይናገራል፤ እኔ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እናገራለሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን አልያዝሁም፤ አንዲት ቃል ስብከት አልጨመርሁም። የእስላም ሥጋ መብላትህን ታምናለህ ብለው ያፋጠጡኝ ነበሩ፤ አምናለሁ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ልብሳቸውን ለኔ መስጠት የተዉም አሉ። ይሁን አልሁ። አንድ ቤት በሩን ዘጉብን፤ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ በሦስተኛው ሰለቻቸውና አስገቡን።

ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሐጂ ቤት እየሄዱ እንኳን ደስ አለዎት ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሐጂ ወንበራቸውን ስበው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጡ።

«እየዞርህ ጥፋቴ ነው እንድትል ያዘዘህ ማነው? ጌታህ ነው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ስለሱ ንገረኝ። እኔ እንደሁ ሙስሊም ሆኜ ነው የምሞተው። ይህን አውቀህ ንገረኝ።»

ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። መቀሴን አስቀምጬ፣ ጌታ ለኔ ያደረገልኝን ብቻ በቀስታ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አዛን ሲሰማ ተነሱ። ለሶላት ሲሄዱ ሱቁን መቆለፍ ልማዳቸው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ቁልፉን ከመኪናዬ ላይ አኖሩት።

«እስክመለስ ሱቁን ጠብቅልኝ፤ አደራ» ብለውኝ ወደ መስጊድ ሄዱ።