ግራኝ ነው ያልኩት የልጅ ልጄና ባለማንኪያዋ

ልጄ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አለ። አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ፍራሽ ተነጥፏል፣ በመስኮቱ ሥር ስምንት ትንንሽ አልጋ ተደርድሯል። ክፍሉን የያዘችው ሞግዚት ድሮ እዚያው ፋብሪካ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር። ዓይኗ ሲደክም ወደ ሕፃናቱ አዛወሯት። የደከመው ግን ለመርፌ ብቻ ነው።

ሁሉም ባለማንኪያዋ ይሏታል። ከሽርጧ ኪስ ሁለት የእንጨት ማንኪያ አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን በየተራ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንዱን ማንኪያ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥላ በግራ ታቀርብላቸዋለች። ከዚያ ሁለቱን ከጀርባቸው ታጋጭና ዞር ይሉ እንደሆነ ታያለች። የድሮ ጓደኞቿ ኦርኬስትራው ተጀመረ እያሉ ያሾፉባታል። እሷም፣ "ቁልፍ ሲተከል ግራና ቀኙ ካልተካከለ ሸሚዙ ይጣመማል" ብላ ትስቃለች።

የልጅ ልጄ ያኔ ስምንት ወሩ ነበር። ጠዋት እናቱ ታስገባዋለች፣ ከሰዓት እኔ እወስደዋለሁ። ያገኘውን ሁሉ የሚይዘው በግራ እጁ ነው። ሟቹ ባለቤቴ ግራኝ ስለነበር ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ቁርጥ አያቱን እያልኩ ስፎክር ከረምኩ። ቀኝ እጁን ጨብጦ ደረቱ ላይ ሲለጥፍ አይቻለሁ። ቆጣቢ ነው፣ የያዘውን አይለቅም ብዬ ሳቅሁበት።

አንድ ቀን ልወስደው ስገባ ባለማንኪያዋ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ሌሎቹ እናቶች እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ግራኝ ነው ያለዎት ማነው?" አለችኝ።

"አያቱ ግራኝ ነበር።"

"በስምንት ወሩ?"

እኔ ባሌን ያወቅሁት በሃያ አምስት ዓመቱ ነው።

ማንኪያውን በቀኙ በኩል አስቀመጠችለት። ግራ እጁን በሆዱ ላይ አሻግሮ አነሳው። ግራውን በቀስታ ያዝ ስታደርገው አለቀሰ እንጂ ቀኙ አልተዘረጋም። በዚህ ዕድሜ ልጅ በሁለቱም እጁ እንደሚጫወት፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን ብቻ ከመረጠ ሌላው ለምን እንደቀረ መታየት እንዳለበት ነገረችኝ። "በሽታ ነው አላልኩም፤ ሐኪም አይደለሁም። ቶሎ ይታይ ነው የምለው።"

አኮረፍኳት። ሁለት ቀን ለልጄም አልተነፈስኩም፤ ባሌን ዳግመኛ የቀበርኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ወረቀት አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የአምስት ሳምንት ቀን በተርታ ተጽፎበታል፣ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ግራ፣ ግራ፣ ግራ ይላል። እኔ ስፎክር እሷ ስትከታተለው ኖሯል። ኩርፊያዬ እዚያው ቀለጠ፤ ማታውኑ ወረቀቱን ለልጄ ሰጠኋት።

ሐኪሙ ልጁን ገላብጦ ከመረመረ በኋላ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበና ማን እንደጻፈው ጠየቀን። በስተቀኝ ያሉት ጡንቻዎቹ ከአእምሮ በሚመጣ ችግር ደርቀዋል አለ። ፈጽሞ እንደማይጠፋ አልደበቀንም፣ ግን በጊዜ መምጣታችን ብዙ ያግዘዋል አለን። በሳምንት ሁለት ቀን እጅና እግሩን ወደሚያሠሩለት ባለሙያዎች መመላለስ ጀመርን። ባለማንኪያዋ በምሳ ሰዓቷ አብራን ሄዳ እንቅስቃሴውን ተማረች፤ በየቀኑ በጨዋታ መልክ ታሠራው ነበር።

አሁን አራት ዓመቱ ነው። ሲሮጥ ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ባለፈው ሳምንት ልወስደው ስገባ ሸሚዙን ራሱ ሊቆልፍ ይታገላል። ቀኝ እጁ የሸሚዙን ጠርዝ ይዟል፣ ግራው ቁልፉን ያስገባል። ባለማንኪያዋ አጠገቡ ቆማለች፤ እንዳታግዘው ይመስለኛል፣ ሁለት እጇን ሽርጧ ኪስ ከታዋለች። እኔ አላስችለኝ ብሎ ልጠጋው ስል በዓይኗ አስቆመችኝ። ጨረሰና ደረቱን ነፍቶ ዞረልን። አንድ ቁልፍ ዘሎ ኖሮ አንዱ ጫፍ ከሌላው ወርዷል።

"ተጣሞበታል እኮ" አልኳት በጆሮዋ።

"ይጣመም፣ እማማ" አለችኝ።