ከእንሰቱ ሥር የጮኸው ቆርኪ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ማንኪራ ነበር። ያኔ ማታ ማታ እራት ተበልቶ፣ ኩራዙ እየጨሰ፣ አጎቴ ጋሽ ወልዴ እሳቱ ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ተረታቸው የጅብና የአህያ አይደለም። ወርቅ ፍለጋ ዲማ ሄደው፣ ወርቁን ሳያገኙ አንድ አሮጌ የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዘው ስለተመለሱ፣ የሚያወሩት መሬት ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ቆርኪና ብር ከመሬት በታች ጎረቤት ናቸው ይሉን ነበር። ቆርኪ ጉረኛ ነው፤ ማሽኑ ገና ሲጠጋው ብሩ እኔ ነኝ ብሎ ይጮሃል፤ ዞረው በሌላ በኩል ሲመጡበት ግን ድምፁ ይሰባበርበታል። ብር ቁጥብ ነው፤ በየትም በኩል ቢመጡበት ያንኑ አንድ ቃል ይመልሳል። የቆርኪን ጩኸት በአፍንጫቸው ሲያሰሙን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

እናቴ ከእናቷ የወረሰችው ጠገራ ብር ነበራት፣ በክር አንገቷ ላይ የምታስረው። የመስቀል ሰሞን ክሩ ተበጠሰ። እስክትቀይረው ድረስ በደረቅ ኮባ ጠቅልላ አልጋው ሥር አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ ለበዓሉ ቤት ስጠርግ፣ ያገኘሁትን ደረቅ ኮባ ሁሉ ከአመዱ ጋር ሰብስቤ እንደ ልማዳችን ጓሮ እንሰቱ ሥር ደፋሁት።

ብሩ ሲጠፋ ለበዓሉ ሥራ ሊያግዙ ቤታችን የገቡት ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ብቻ ነበሩ። እናቴ እሳቸውን ሰላም ማለት ተወች። እኔ የደፋሁት ኮባ ትዝ አለኝ፤ መናገር ግን ፈራሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እትዬ ብዙነሽ በአጥሩ በኩል «ደህና አደርሽ?» ሲሉ እናቴ ጀርባዋን ስትሰጥ አየሁ። በሦስተኛው ማታ ተረቱ አልቆ ሌሎቹ ልጆች ሲተኙ፣ ፍሙ ዳር ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። «እኔ ለእናትሽ አልነግርም። ብሩ ሲገኝ አንቺው ትነግሪያታለሽ» አሉኝ።

በነጋታው እናቴ ገበያ ስትሄድ ማሽኑን ይዘን ጓሮ ወረድን። የጆሮ ማዳመጫውን ለእኔ ሰጡኝ። የስንት ዓመት ጥራጊ ያለበት ቦታ ስለሆነ መሬቱ ሁሉ ይጮሃል። መጀመሪያ የጮኸውን ቆፈርኩ፣ ቆርኪ። ቀጥዬ ቆፈርኩ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ። ሦስተኛው የዛገ ምስማር ሲሆን ማልቀስ ጀመርኩ።

«የጮኸልሽን ሁሉ አምነሽ አትቆፍሪ» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። «ዞረሽ በዚያኛው በኩል ስሚው።»

ከዚያ በኋላ እየዞርኩ ሰማሁ። አንዱ ተሰባበረ፣ አንዱ ጭራሽ ዝም አለ። ከትልቁ እንሰት ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። ዞርኩ፣ ያው ነው። በሌላ በኩል መጣሁ፣ አሁንም ያው ነው። አመዱን በእጄ ገፋሁት፤ ኮባው ረጥቦ ጠቁሯል፣ ውስጡ የአያቴ ብር ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ብሩን በእጇ እንደያዘች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል እትዬ ብዙነሽ ቤት ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ።

«ብዙነሽ፣ በልቤ ጠርጥሬሽ ነበር። ይቅር በይኝ» አለቻቸው።

እትዬ ብዙነሽ፣ «እኔማ ብወስደው አንገቴ ላይ አስሬ ገበያ ለገበያ ስዞርበት ታይኝ ነበር» አሉና ሳቁ። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

አሁን የምኖረው ቦንጋ ነው፣ የመጀመሪያ ልጄን ይዤ። ሲበዛ ፈሪ ነኝ። ልጄ ስታስል ልቤ ይጮሃል፣ ትን ሲላት ይጮሃል፣ ብዙ ስትተኛም ይጮሃል። ያኔ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቆም እልና ዞሬ በሌላው በኩል እሰማታለሁ፦ ጡት ትይዛለች? ትንፋሿ እንዴት ነው? ስስቅላት ትስቃለች? ጩኸቱ በሁሉም በኩል ያው ከሆነ ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ እሮጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ዞሬ ሳልጨርስ ትስቅብኛለች፣ እኔም «ቆርኪ ነው» እላታለሁ።