እትዬ አስካለ ከአማቻቸው የሸሹበት ሳምንት

አስተርጓሚነት የጀመርኩት ሳላስበው ነው። ያኔ መሐል ሜዳ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ። አንድ የበግ ባለሙያ ፈረንጅ ገበሬዎችን ሊያነጋግር መጥቶ የሚያስተረጉምለት ሰው ጠፋ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ከክፍል አስጠሩኝ። ስብሰባውን የጠሩት ኃላፊ፣ አቶ ጌጡ ይባላሉ፣ በር ላይ ጠበቁኝና «ቲቸር በላይነሽ፣ ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። አንቺ ቧንቧ ነሽ፤ በዚህ የገባው በዚያ ይውጣ» አሉኝ። ሰውየው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እንድልም ነገሩኝ። የሥራው ደንብ ነው።

ፈረንጁ ተናገረ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔ አገሬ ላይ ሁለት መቶ በግ አለኝ፤ ሚስቴም በጎቹን ትወዳለች» አልኩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «በላይነሽ፣ ሚስት ያገባሽው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። አቤት የተሳቀው ሳቅ! ላብ በላብ ሆኜ ጨረስኩት።

ያን ቀን ስላልሞትኩ ሥራው ለመደብኝ። ከማስተማሩ ጡረታ ስወጣ እንኳን ማስተርጎሙ አለቀቀኝም። የጓሳን ሜዳና አውሬ ሊያዩ ለሚመጡ፣ ለተመራማሪ፣ ለሐኪም፣ ለማን ያላስተረጎምኩት አለ? የሥራ ዕቃው ትንሽ ነው። አንድ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ በእኛ አገር ብርድ እስክሪብቶ ይለግማል። ስምና ቁጥር በጆሮ አይያዝም፣ ወዲያው ይጻፋል። ከተናጋሪው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል። ሰውየው ከሦስት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ቆም እንዲል እጅ ይነሣበታል። ይኼን ለማንም ወጣት በአንድ ከሰዓት አስተምራለሁ። የእትዬ አስካለ ቤት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ሆነብኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረጅም ፈረንጅ ቤቴን አፈላልጎ መጣ። ስሙ አንድሪስ፣ አገሩ ላትቪያ። ላትቪያ በየት በኩል እንደሆነች አላውቅም፤ የማውቅ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሚስቱ ሠናይት እዚሁ አጠገባችን ያለችው የቀየት ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተዋውቀው ተጋቡ፤ ለመውለድ እናቷ ቤት ገባች፣ ወንድ ልጅም ወለደች። እሱ ልጁን ሊያይ ከአገሩ መጥቶ ሳምንት ሆኖታል። ያስተረጉሙልኝ አለኝ።

«ሚስትህ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። እኔን ምን አደረግኸኝ?» አልኩት።

«እሷ ስታስረዳኝ ለእናቷ እየተከላከለች ይሁን ለእኔ፣ አይለይልኝም። የውጭ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

ይኼ ገባኝ። ከዚህ በኋላ ግን በወጉ የገባኝ ነገር የለም።

ደብተር አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በቀኝ በኩል የአገሩ ቃላት ተደርድረዋል። ሁሉም የመሸሽና የመራቅ ቃላት ናቸው። አቮይድ፦ ኢዝቫይሪቲየስ። ሻን፦ ቫይሪቲየስ። ዶጅ፦ ኢዝሎትሲቲየስ። ሪፍሬን፦ አቱሬቲየስ። አብስቴን፦ እሱም አቱሬቲየስ። አማርኛ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ አየሁ፤ የለም። በልቤ ተረጎምኳቸው፦ አቮይድ መሸሽ፣ ሻን ጠልቶ መራቅ፣ ዶጅ ማምለጥ፣ ሪፍሬንና አብስቴን መታቀብ።

«አማቴ ከእነዚህ የትኛውን እያደረገችኝ እንደሆነ ምልክት ያድርጉልኝ» አለ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ስገባ ትወጣለች፣ ሰላም ስላት ፊቷን ትሸፍናለች፣ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ማዕድ ቀርባ አታውቅም አለኝ። ከሥራው የወሰደው ዕረፍት እያለቀ ነው። ሰኞ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የሕፃኑን ወረቀት እዚያ ጨርሶ በዚያው ሳምንት ወደ ላትቪያ። «የምትጠላኝ ከሆነ ሁለተኛ እዚህ ቤት አንመጣም፤ ሚስቴም አትመጣም። ሳልሄድ ማወቅ አለብኝ» አለ። እትዬ አስካለን በገበያ አውቃቸዋለሁ፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ከሠናይት ሌላ ልጅ የላቸውም።

ቀየት ደረስን። በሩን እንደገፋው አንዲት ሴት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው በጓሮ በር ውልቅ! እትዬ አስካለ ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታቸው ገንፎ ይዛ ገባች። የገብስ ገንፎ ነው፣ ቅቤው ከመሃሉ ሞልቶ ፈሷል። «እንድርያስ ይብላ፣ ይብላ» አለች፤ አንድሪስ ማለቱ ለአገሩ ሰው አልተመቸውም። እኔ እንዲህ ያለ ገንፎ ለጠላት ሲቀርብ አይቼ አላውቅም።

እፎይ ብዬ አስረዳሁት። በእኛ ዘንድ አማትና አማች ይተፋፈራሉ፤ አብረው አይበሉም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እናቴ ባለቤቴን ሃያ ዓመት ስታውቀው አንዲት ጉርሻ ፊቱ አልዋጠችም፤ ሲሞት ግን ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ክብር ነው አልኩት። እርሳሴንም አንሥቼ ሪፍሬን ላይ ምልክት አደረግኩ።

በአገሩ ቃል በኩል አነበበው። «ይኼ እኮ እኛ ሲጋራ ለሚተው ሰው የምንለው ነው» አለኝ። «እኔ ሲጋራ ነኝ?»

«አይ፣ እንደሱ እንኳን... ትንሽ አቮይድም ሳይኖርበት አይቀርም።»

«ዶጅስ?»

«ኧረ ዶጅ የለም! ይመስለኛል።»

ምልክቱን ሰረዝኩ፣ መልሼ አደረግኩ። ይኼን ስንል ከማድቤት የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አንድሪስ ብድግ አለና ልጄን ልያዘው ብለው ይንገሩልኝ አለኝ። በጓሮ በር አንገቴን አውጥቼ ተናገርኩ። ከማድቤት «ተኝቷል በያቸው» የሚል መልስ መጣ። ልጁ ሰፈሩን በጩኸት እያናወጠው! ቧንቧ አይደለሁ? ተኝቷል ብዬ ተረጎምኩ። አንድሪስ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እስከ ሐሙስ እይዘው ነበር» አለ በቀስታ። «ሐሙስ፣ ሰኞ እንሄዳለን ብዬ ለሠናይት ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እኔ ወደ እነሱ ስገባ አያቱ ልጁን አቅፋ በጓሮ ትወጣለች።»

ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው? መተፋፈር አውቃለሁ። ሕፃን ከአባቱ የሚያስደብቅ መተፋፈር ግን ሰምቼም አላውቅ። አሁን አሁን ሻንም ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ። ክብር ነው ያልኩበት አፌ አሳፈረኝ። ወደ ሠናይት ጓዳ ገባሁ። አራስ ናት፣ ፊቷ ገርጥቷል። «እኔን አትጠይቂኝ ቲቸር፤ በሁለቱ መሃል አልቄያለሁ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እያስተረጎምኩ የራሴን ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ጠየቅኩ። ማድቤት ገባሁ። እትዬ አስካለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጁን እያባበሉ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይኼን ሰው ይጠሉታል?»

«እንዴ! ምን ነካሽ ቲቸር? የልጄ ባል አይደሉም እንዴ? ገንፎውን ማን ያገነፋው መሰለሽ?»

«ታዲያ ሕፃኑን ይዘው ለምን ይሸሹታል?»

ልጁን ወዘወዙ፣ ወዘወዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፊት ለፊት ካገኙኝ ይለምኑኛል» አሉ። «ልውሰዳቸው ይሉኛል። አማች ፊቴ ቆሞ ለምኖኝ እንቢ የሚል አፍ ከየት አመጣለሁ? እሺ ማለቴ ነው። እሺ ካልኩ ልጁ ሳይጠመቅ ባሕር ሊሻገር ነው። አርባ ቀኑ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ካላገኙኝ አይለምኑኝም። ዘጠኝ ቀን ብሸሻቸው ምናለበት?»

«ሰኞ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፣ እትዬ!»

«እሱንማ መች አጣሁት» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ለካ ስለ አርባ ቀኑ አንድሪስ አያውቅም። ሠናይት «ድግስ አለ» ብላው ነበር፤ እሱም ድግሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆየን ብሏት ኖሯል። ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ ያከብሩታል። ይፈሩታል። ይደበቁታልም። በክብሩ ውስጥ መደበቂያ አገኙ፣ ወይስ ከመደበቁ በፊትም ፍርሃቱ ነበረ? የትኛው የት ላይ እንደሚያልቅ ሊለይልኝ አልቻለም።

ስመለስ አንድሪስ እርሳሱን ዘረጋልኝ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛዬ «ግራ ገብቶኛል» አልኩት። «ቅድም ያልኩህን እርሳው፤ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። እኔ ምልክት አላደርግም። እሷ ራሷ ትንገርህ። አንድ ነገር ብቻ ስማኝ፦ ዛሬ አንተ ምንም እንዳትለምን። የምትለምነው እሷ ናት።»

እትዬ አስካለን ማሳመን ከእሱ የባሰ ነበር። ፊቱ አልቆምም አሉ። እንግዲያው ጓዳ ይሁኑ፣ መጋረጃው ይዘርጋ፣ እኔ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ አልኳቸው። እንዲህ ስንስማማ መሽቶ ነበር። እሱ መደብ ላይ፣ እሳቸው ልጁን ታቅፈው ከመጋረጃው ወዲያ ሆኑ። ሠናይት ከአልጋዋ ቀና ብላ ታዳምጣለች።

«ጌታዬ» አሉ እትዬ አስካለ፤ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው እኮ። «ዘጠኝ ቀን ይስጡኝ። ልጁ ክርስትና ይነሣ፣ የእግዜር ልጅ ይሁን። ከዚያ ወዲያ የፈለጉበት አገር ይውሰዱት። ልጄንም ይውሰዷት። እኔ አልከለክልም።»

በደንቡ መሠረት «እኔ» እያልኩ ተረጎምኩ። ልጄንም ውሰዳት የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ውሃ ጠጥቼ ጨረስኩት። ጥምቀቱ ለምን በአርባ ቀን እንደሆነ፣ ያልተጠመቀ ልጅ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነም ከራሴ ጨመርኩ። አቶ ጌጡ ቢሰሙ ያባርሩኝ ነበር።

አንድሪስ ወደ መጋረጃው ዞሮ «እስከዛሬ ለምን አልነገረችኝም?» ብሎ ጠየቀ።

ከመጋረጃው ወዲያ «አፈርኩ» የሚል አንድ ቃል መጣ። በእንግሊዝኛ ምን ብዬ እንደነገርኩት እግዜር ይወቀው፤ አንድ ነገር ብያለሁ።

«እኔ መቆየት አልችልም» አለ። «ሰኞ ካልሄድኩ ሥራዬን አጣለሁ። እነሱ ይቆዩ። ይጠመቅ፣ ከዚያ ይምጡ። እኔ ግን ልጄ ሲጠመቅ አላይም ማለት ነው።» ይኼን ብሎ ያ ትልቅ ሰው ፊቱን በእጆቹ ያዘ።

ተረጎምኩ፤ አንድም ሳላስቀር።

መጋረጃው ተገፈተረ። እትዬ አስካለ ወጡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው ግልጥ ብሏል። ቀጥ ብለው ፊቱ ሄደው ቆሙና ልጁን እቅፉ ውስጥ አስቀመጡለት። ዓይን ዓይኑን እያዩ «እስከ ሰኞ ከእጅዎ አይውረድ» አሉት። ልተረጉም አፌን ስከፍት አንድሪስ እጁን አነሣብኝ። አላስፈለገውም። ሠናይት ከጓዳ ስታለቅስ ይሰማል፤ እኔም ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሰኞ ብቻውን ሄደ። ልጁ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። ሠናይት በስልክ ልታሳየው ሞክራ ኔትወርኩ እንቢ አላት። ከሁለት ወር በኋላ እናትና ልጅ ተከትለውት ሄዱ፤ እትዬ አስካለ መሐል ሜዳ ድረስ መጥተው ሚኒባስ ላይ አሳፈሯቸው።

ለአያቲቱ ዘጠኝ ቀን አስገኘሁላቸው? ወይስ አንድ አባት የልጁን ክርስትና እንዳያይ አደረግኩ? ሁለቱንም ሳላደርግ አልቀረሁም፤ የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አይለይልኝም።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ አስተርጓሚዎች የማስተላልፈው ይኼን ነው። ያልገባችሁን አትተርጉሙ። ግራ ሲገባችሁ፣ ግራ ገብቶኛል ብላችሁ ለሁለቱም ወገን ንገሩ። እኔ ያን ቅዳሜ ክብር ነው ከማለቴ በፊት ይኼንኑ ብናገር ኖሮ፣ ያ ሰው ልጁን ለማቀፍ እስኪመሽ ባልጠበቀ ነበር።